የአሥራ አራቱ ቀን ክኒንና የልጆቻችን ደም
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የጤና ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር)



ዛሬ የጤና ኮሚቴው ተራ ነው። ባለፈው ስለ ደም ግፊት ተነጋግረን ነበር። የዚህን ወር ርእስ ግን እኛ አልመረጥነውም፤ እሱ ራሱ ቤታችን ድረስ መጣ። ርእሱ ወባ ነው። «ፒያሳ ላይ ደግሞ ምን ወባ አለ?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛም እንደዚያው ስንል ነበር። አዲስ አበባ ደጋ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ነው የተቀመጥነው። አያቶቻችን ንዳድ የሚሉት በሽታ የቆላ ነው፣ ቆላ የወረደ ሰው ይዞት ይመጣል እንጂ እዚህ አይወለድም ሲሉ ሰምተን አድገናል። አባባላቸው ስሕተት አልነበረም። ይዞት ይመጣል ያሉትን ነው እኛ የረሳነው። ልጆቻችን መተሐራ ለቀን ሥራ ይወርዳሉ፣ አርባ ምንጭ ሙዝ ይጭናሉ፣ ጋምቤላ ግንበኛ ሆነው ይሄዳሉ። እኛ ራሳችን ሽንኩርትና ቲማቲም ፍለጋ ባቱ ድረስ እንመላለሳለን፤ አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሣም በኋላ አልተውነውም። አውቶቡሱ የሚያመጣው ሰውን ብቻ አይደለም።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ከመካከላችን አንዷ በጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ የቀረነው የሰማነውንና የጠየቅነውን ነው የምንነግራችሁ። ጠይቀን ያረጋገጥነውን ብቻ ይዘን መጥተናል።

ነገሩን ከመጀመሪያው እንጀምር። ከአባሎቻችን አንዷ፣ ስሟን አንጠራም፣ ብዙዎቻችሁ ግን ታውቋታላችሁ፣ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ሲነሣ እሷም ከከተማው ዳር ደረሳት፤ ዛሬም ለስብሰባ በሁለት ታክሲ ነው የምትመጣው። የበኩር ልጇ መተሐራ አካባቢ ለቀን ሥራ ሄዶ ኅዳር ላይ እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ። ደሙ ሲመረመር ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ተገኘበት። ለሦስት ቀን የሚዋጥ ክሎሮኪንና ለአሥራ አራት ቀን የሚዋጥ ፕሪማኩዊን ተሰጠው። የሰጠው ባለሙያ ስለ ሽንት ቀለም ምንም አልነገረውም፤ ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስደህ ደም አንሶህ ያውቃል ወይ ብሎም አልጠየቀውም።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው፤ እናቱም ተመስገን አለች። በአራተኛው ቀን ሽንቱ ጥቁር ሻይ መሰለ። እሷ ደንግጣ ስትነግረን ከእኛ አንዷ «አይዞሽ፣ በሽታው እየወጣለት ነው» አለቻት። ይህን ያለችው ዛሬም እዚህ ተቀምጣለች፤ እንድንናገር ፈቅዳልናለች። በአምስተኛው ቀን የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ። ሁላችንም በአንድ ድምፅ የወፍ በሽታ ነው አልን፤ መድኃኒት የሚያውቁ ሰው የሚገኙበትንም ቦታ ጠቆምን። ልጁ እስከዚያ ክኒኑን አላቋረጠም፤ ታዛዥ ልጅ ነው። በስድስተኛው ቀን ከአልጋው ተነሥቶ ደጅ መድረስ አቃተው፣ ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሆስፒታል ሲደርስ ደሙ ከግማሽ በታች ወርዷል ተባለ። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጠው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ።

ይህን ብቻ ለመንገር ቢሆን በአጭሩ ተናግረን እንቀመጥ ነበር። ዛሬ እንድንቆም ያስገደደን ከዚያ በኋላ እኛ ያደረግነው ነው። ቡና በጠጣንበት ቤት ሁሉ «ያ የአሥራ አራት ቀን ክኒን ደም ይመጣል፣ ሲሰጧችሁ ጣሉት» እያልን አወራን። ወሬው ከእኛ አፍ ወጥቶ የት የት እንደደረሰ አናውቅም። አንድ የደረሰበትን ቦታ ግን እናውቃለን። ከባቱ ሽንኩርት የምታመጣ እህታችን ልክ በዚያ ሰሞን ያው ዓይነት ወባ ይዟት ያው ክኒን ተሰጥቷት ነበር። አራት ቀን ውጣ፣ እኛን ሰምታ፣ የቀረውን ጣለች። ወባው ጥር ላይ አገረሸባት። መጋቢት ላይ እንደገና። ሰኔ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ። በተኛች ቁጥር ሽንኩርቱ ይበሰብሳል፣ ደንበኛ ይሄዳል። ከማኅበሩ ተዘዋዋሪ ብድር የወሰደችውንም መክፈል አቃታት። ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍንላት። እናስተውል፤ ክኒኑን ጣይው ያልናትም እኛ፣ ብድሩን ለምን አልመለስሽም ያልናትም እኛው ነን።

እንግዲህ አንዱን ልጅ ክኒኑ ሊገድለው ነበር፣ ሌላዋን እህት ክኒኑን መተዋ ጎዳት። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የሚቻለው ክኒኑ ምን እንደሚሠራ ሲታወቅ ነው።

ወባ ብለን በአንድ ስም እንጥራው እንጂ አገራችን ውስጥ በብዛት ያሉት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንዱ ፋልሲፓረም ይባላል፤ ቶሎ የሚገድለው እሱ ነው። ሁለተኛው ቫይቫክስ ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ቫይቫክስ እምብዛም አይገኝም፣ እኛ ዘንድ ግን ብዙ ነው። የቫይቫክስ ተንኮሉ ከደም ሲጠፋ ጉበት ውስጥ የተኛ ዘር ማስቀረቱ ነው። ክሎሮኪኑ ደም ውስጥ ያለውን ይገድላል፣ ሰውየውም ዳንኩ ይላል። ጉበት ውስጥ የተኛው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሣና ሌላ ትንኝ ሳይነድፈው ያው ሰው እንደገና ይታመማል። ያች እህታችን ጥር ላይ ስትተኛ ከባቱ አዲስ ወባ ይዛ መጣች ብለን ነበር፤ በገና ግን ከቤቷ አልወጣችም። ወባው እዚያው እሷ ውስጥ ነበር።

ያንን የተኛውን የሚያጠፋው ፕሪማኩዊንና የእሱ ወገን የሆነው ታፊኖኩዊን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ይህን በአራት አገሮች መዝኖታል፤ አንዷ አገር ኢትዮጵያ ነበረች። ፕሪማኩዊን ያልተሰጣቸው ሰዎች በአማካይ በዓመት አንድ ጊዜ ያህል ወባው ሲመለስባቸው፣ የተሰጣቸው ላይ የተመለሰው ከአምስት እጥፍ በላይ ባነሰ መጠን ነው። ወደ ጥናቱ የገቡት ግን ደማቸው አስቀድሞ ተመርምሮ መድኃኒቱን እንደሚችል የታወቀላቸው ብቻ ናቸው። ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ የእኛ ልጅ ያላገኘው ይህችን ምርመራ ነው።

የሚመረመረው ነገር ጂ-6-ፒዲ ይባላል። ሙሉ ስሙ ረጅም ነው፣ ግሉኮስ-6-ፎስፌት ዲሃይድሮጂኔዝ፤ መያዝ አይጠበቅባችሁም። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው። ነርሷ እህታችን በቆርቆሮ ነው ያስረዳችን። የሠራተኛ ሰፈርን ወይም የዶሮ ማነቂያን የድሮ ጣሪያ አስቡ። ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ክረምቱን ይችላል፤ ያልተቀባው ይዝግና ይበሳል። ጂ-6-ፒዲ የደማችን ቀለም ቅብ ነው። ፕሪማኩዊን ጉበት ውስጥ የተኛውን ወባ ሲያጠፋ በመንገዱ ደሙንም የሚያዝግ ነገር ይወልዳል። ቅቡ ያለው ደም ይችለዋል፣ አይሰማውም። ቅቡ የሳሳው ደም ይፈነዳል። የፈነዳው ደም ቀለም በኩላሊት ሲወጣ ሽንቱን ሻይ ወይም ኮካ ያስመስለዋል፤ ሲበዛ ኩላሊቱንም ይጎዳል። የዓይኑ ቢጫነትም የሚመጣው ከዚያው ከፈነዳው ደም ነው። ጉበቱ ታሞ አልነበረም፤ የወፍ በሽታ ያልነው ስሕተት ነበር።

ቀድመው የሚፈነዱት ያረጁት ሕዋሳት ናቸው፤ ቆርቆሮም እንደዚያው ነው። አዲስ የተወለደ ሕዋስ ቅቡ ሙሉ ስለሆነ ይቋቋማል። በአፍሪካ በብዛት በሚታየው ዓይነት እጥረት መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ደሙ ራሱን የሚተካው ለዚህ ነው። በሜዲትራኒያን አካባቢ የሚታወቀው ዓይነት ግን ይከፋል፤ ወጣቱንም ሕዋስ አይምርም።

ይህ እንዴት እንደታወቀ ስንሰማ ዝም ብለን መቀመጥ አልቻልንም። አሜሪካኖች ከኮሪያ ጦርነት የሚመለሱ ወታደሮቻቸውን በፕሪማኩዊን ያክሙ ነበር። መድኃኒቱ አስቀድሞ የተሞከረው ኢሊኖይ ውስጥ ስቴትቪል በሚባል እስር ቤት ባሉ እስረኞች ላይ ነው። ከእነሱ ውስጥ አንዳንዶቹ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁሮቹ፣ ደማቸው ይፈነዳ ነበር። ምክንያቱ የዚህ ኢንዛይም እጥረት መሆኑ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በእስረኛ ደም የተገዛ እውቀት ነው። እስረኛ ሙሉ ፈቃድ አለው ወይ ብለን ብዙ ተከራከርን፤ ክርክሩን ለሌላ ጊዜ አቆይተነዋል። ግን ከ1956 ወዲህ የሚታወቅ ነገር ለአንድ የመተሐራ ቀን ሠራተኛ ሳይነገረው መቅረቱ ያንገበግባል።

አሁን ወደ ሴቶች ጉዳይ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ እንቆያለን።

ልጁ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሐኪሙ ይህ በዘር የሚመጣ ነው፣ በእናት በኩል ነው ብለው አስረዱ። ያስረዱት በቅንነት ነው። ቃሉ ግን ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ባሏ ቤተ ዘመድ ሲደርስ ሌላ ሆነ። «ደሟ ነው ልጁን የበላው» ተባለ። «ቀድሞም ዘሯን ሳናጣራ» ተባለ። ሃያ ዓመት ጋግራ ያሳደገች ሴት ለቅሶ ቤት ገብታ ጥግ ተቀመጠች። ይህን ዓይናችን አይቷል።

እውነቱ እንዲህ ነው። የዚህ ኢንዛይም ትእዛዝ የተጻፈው ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ አለው፤ እሱንም የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ሴት ሁለት አላት፣ አንዱን ከአባቷ አንዱን ከእናቷ። አንዱ ጎዶሎ ቢሆን ሌላው ስለሚረዳት እሷ ብዙ ጊዜ ሳይታወቃት ትኖራለች። ከምትወልዳቸው ወንዶች እያንዳንዱ ጎዶሎውን የማግኘት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሴቶቹም ተሸካሚ የመሆን ዕድላቸው ያው ነው። አባት ለወንድ ልጁ ይህን አያወርስም፤ ለሴት ልጆቹ ግን ለሁሉም ያወርሳል። ስለዚህ ያች እናት ያገኘችው ከአባቷ ሊሆን ይችላል። አባቷም ከእናቱ። ወደ ኋላ ብትቆጥሩ ማንም አጠፋ የምትሉት ሰው አታገኙም።

ደግሞ ይህን ለአማቶች ንገሯቸው፤ እጥረቱ በዓለም ላይ ወደ 400 ሚሊዮን በሚገመት ሕዝብ ላይ አለ። የሚበዛውም ወባ ለዘመናት በኖረባቸው አገሮች ነው። ሊቃውንቱ የሚሉት ይህ ደም የያዘውን ሰው ከከፋው ወባ በመጠኑ ይከላከልለት ስለነበረ ነው የቆየው ነው። ቆላ ላይ የኖሩ የጥንት ሰዎች ጋሻ ነበር ማለት ነው። በአገራችን በደጋው ሕዝብ ላይ ጥቂት፣ እንደ ጋምቤላ ባለው ቆላ ደግሞ ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህን ስንናገር አንዳንዶቻችሁ «እንግዲያ የእኛ አይደለም» ስትሉ እናያለን። አራዳ የማን ናት? ከጉራጌ የመጣ፣ ከዶርዜ የመጣ፣ ከጎጃም ከወለጋ ከሐረር የመጣ አይደል እንዴ አብሮ የተጋባባት? የማን አያት ከየት እንደመጣ ቆጥሮ የጨረሰ ሰው እዚህ የለም።

ሴት ግን ሁልጊዜ ታመልጣለች ማለት አይደለም። ሁለቱም ኤክስ ጎዶሎ ከሆነ እንደ ወንድ ነው የምትጎዳው። አንዱ ብቻ ጎዶሎ ሲሆን ደግሞ ግማሹ ደሟ ቅብ ያለው፣ ግማሹ የሌለው ይሆናል። አዎ ወይም የለም ብቻ የሚለው ፈጣን ምርመራ እንዲህ ያለችውን ሴት ደህና ነሽ ብሎ ሊያልፋት ይችላል። መጠኑን በቁጥር የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል። ታፊኖኩዊን አንድ ጊዜ ተውጦ የሚያበቃ መድኃኒት ነው፤ የአሥራ አራት ቀኑን ጣጣ ያስቀራል። ነገር ግን አንዴ ከተዋጠ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ማቆም የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የኢንዛይሙ መጠን ከ70 በመቶ በላይ መሆኑ በቁጥር ሳይለካ አይሰጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ እንዲህ በቁጥር ለሚለካ መሣሪያ የጥራት ማረጋገጫ ሰጥቷል። ደግ ነው። ከጄኔቭ እስከ ቀበሌያችን ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው።

እርጉዝ ሴት ፕሪማኩዊን አትወስድም። እሷ ደሟ ደህና ቢሆንም የማኅፀኗ ልጅ ደም ስለማይታወቅ ነው። ትንሽ ሕፃን የምታጠባም ልጇ ስንት ወሩ እንደሆነ ለሐኪሙ ሳትነግር መጀመር የለባትም። ቫይቫክስ የያዛት እርጉዝ የደሙን ወባ ታክማ፣ የጉበቱን ለማጥፋት መውለዷን ትጠብቃለች፤ እስከዚያ ሊያገረሽባት ይችላል። ለዚህ ነው እርጉዝ ስትሆኑ ተናገሩ የምንለው። አማት ፊት ማፈር፣ ባል ሳይሰማ ማለት፣ እነዚህ ሁሉ ካርድ ክፍል በር ላይ ይቅሩ።

አንድ ነገር እንዳይምታታ። ለፋልሲፓረም ወባ ከሌላው መድኃኒት ጋር አንዴ ብቻ የምትሰጥ ትንሽ መጠን ፕሪማኩዊን አለች። እሷ ትንኝ ወባውን ከሰውየው ወደ ሌላ እንዳታሻግር የምትሰጥ ናት። መጠኗ ትንሽ በመሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ምርመራ ትሰጥ ብሏል። የአንድ ቀኗን ከአሥራ አራት ቀኑ አንቀላቅል። ስሙን ብቻ ሰምታችሁ አትደንግጡ።

ስለ ምግብ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። ባቄላ ነው ጥያቄው። እውነት ነው፣ ይህ እጥረት ካለባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ባቄላ፣ በተለይ እሸቱን፣ ሲበሉ ደማቸው ይፈነዳል። የሚታወቀው ግን በአብዛኛው በዚያ በከፋው በሜዲትራኒያን ዓይነት ነው፤ ልጆችን ይበረታባቸዋል። እኛ ጠዋት ፒያሳ ፉል እየበላን፣ በጾም ስልጆ፣ በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን እየበላን የኖርን ነን። በዚህ ንግግር ምክንያት ከሽሮ ቤት የሚሸሽ ሰው እንዲኖር አንፈልግም። ተመርምሮ እጥረት እንዳለበት የታወቀ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሌላው ባቄላውን ይብላ። ከባቄላው ይልቅ የሚያሳስበን ናፍታሊን ነው። ልብስ እንዳይበላ ብለን ቁም ሣጥን የምናስገባት ነጭ ድቡልቡል ሽታዋ እንኳ እጥረት ያለበትን ጨቅላ ደሙን ልታፈነዳበት ትችላለች። ለአራስ ልጅ የተቀመጠ ልብስና ብርድ ልብስ ውስጥ አታስገቧት። ለሥጋ ደዌና ለአንዳንድ የቆዳ ሕመም የሚሰጠው ዳፕሶንም ከሚጠነቀቁባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው።

ምርመራው እንዴት ሆነ ለምትሉ፣ የልጁን እንንገራችሁ፤ እኛም ተምረንበታል። ገና ሆስፒታል ሳለ ደሙ ተወሰደና ውጤቱ «ደህና ነው» ሆኖ መጣ። ግራ ገባን። ለካ ያረጀው ሕዋስ ፈንድቶ አልቋል፣ የቀረው ወጣቱ ነው፣ በዚያ ላይ የሰው ደም ተሰጥቶታል። በዚያ ሰዓት የሚለካው ቅብ የራሱ አይደለም። ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ ተባልን። ተመለስን። እጥረት እንዳለበት ያን ጊዜ ተገለጠ። ደሙ በፈነዳ ማግስት ተመርምሮ ደህና ነህ የተባለ ዘመድ ካላችሁ ውጤቱን አትመኑት፤ ይድገም። የልጁ ታናሽ ወንድምና ሁለት የአክስቱ ልጆች ተመርምረዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ላይ ተገኝቷል።

ለጋሾቻችን እዚህ ላይ አንድ ቃል። ወባን በመንግሥት ጤና ጣቢያ ማከም በነፃ ነው፤ ለክኒን ገንዘብ አንጠይቃችሁም። ያስቸገረን ምርመራው በጥቂት ቦታ ብቻ መገኘቱ፣ ለእሱም ወጪ መኖሩ፣ ከከተማው ዳር ለሚመጣ ሰው ደግሞ የታክሲው መብዛት ነው። ከሰጣችሁን ላይ የአራት ልጆች ምርመራና መጓጓዣ ከፍለናል። ደረሰኙ ገንዘብ ያዣችን ጋ አለ፤ ማየት የሚፈልግ ይጠይቅ። አገሪቱ ውስጥ ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ እ.ኤ.አ. 2024 ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መታመሙ ተመዝግቧል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። እኛ የአራት ልጆች ማኅበር ነን። ቢሆንም አራቱን እናውቃቸዋለን።

ለሽንኩርት ነጋዴዋ እህታችን የጻፍነው ማስጠንቀቂያ ተሰርዟል፤ የመክፈያ ጊዜዋም ተራዝሟል። እሷም ተመርምራ ደህና ስለሆነች ክኒኑን እንደገና ጀምራ አሥራ አራቱንም ቀን ጨርሳለች። በየማታው ስልክ የደወለችላት ያቺው «በሽታው እየወጣለት ነው» ያለችው ጎረቤታችን ናት። እስካሁን አላገረሸባትም።

ስለዚህ ቡና ላይ የምናወራውን እንቀይር። ክኒኑ ሲሰጣችሁ «የጂ-6-ፒዲ ምርመራ አለ ወይ?» በሉ። የለም ቢሏችሁ፣ ከዚህ በፊት ሽንቴ ጠቁሮ ያውቃል፣ ወንድሜ በመድኃኒት ደሙ አንሶ ያውቃል፣ እርጉዝ ነኝ፣ የሚባለውን ሁሉ ተናገሩ፤ ባለሙያው ያመዛዝናል። ከዚያ ዋጡ፤ በሦስተኛው ቀን ተሻለኝ ብላችሁ አትተዉት። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ሽንታችሁን እዩ። ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ወገብ ወይም ሆድ ካመመ፣ መዳፍ ከነጣ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ የዚያን ቀን ክኒን ሳትውጡ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እስከ ነገ አይደርም። ጠበል የምትሄዱም ሂዱ፤ በመንገዳችሁ ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ግቡ።

የልጁ ነገር የት ደረሰ ብላችሁ እንደምትጠይቁን እናውቃለን። ክኒኑን ስላልጨረሰ ወባው በአምስተኛው ወር አገረሸበት። እንደኛ ቢሆን ዳግም ያንን መድኃኒት አይነካም ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ግን ሌላ አወሳሰድ አለ፤ በየቀኑ መሆኑ ይቀርና በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለስምንት ሳምንት። ያረጀው ሕዋስ ጥቂት ጥቂቱን ይወድቃል፣ በመሐል ባሉት ቀናት አዲሱ ይተካል። ይህ ለሁሉም አይሆንም፤ ቤት ውስጥም አይሞከርም፤ ደም መስጠት በሚቻልበት ቦታ፣ ሐኪም እያየው ነው። ሐኪሙ ብዙ አመዛዝነው፣ ደሙ በደንብ መመለሱን አረጋግጠው ነው የጀመሩለት። በየቅዳሜው ደሙ ይለካል፣ ክኒኑን እዚያው ይውጣል፣ ከዚያ ሽንቱን ለሦስት ቀን እናቱ ታያለች። እሱ ያፍራል፤ እሷ አታፍርም።

ዛሬ አምስተኛው ቅዳሜ ነው። አሁን ውጭ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ከኮሚቴው ሁለታችን አብረነው እንሄዳለን፤ ስለዚህ ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁን፣ በስድስት ሰዓት መድረስ አለብን።